የአባቶች ድምፅ ወደ አዲሱ መሣሪያ ሲገባ እናት ቅጂው እንዳይጠፋ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ምሳሌ ለብዙ ዘመን ስለ መጽሐፍ ብቻ ሲነገር ኖሯል። ድምፅን ጽፎ ማኖር የማይቻል ነገር ነበርና። መሪጌታው ዜማውን ለተማሪው በጆሮው ያሳልፍለታል፤ አዝማሪው መሲንቆውን ለልጁ በእጁ ያስለምደዋል፤ ሼሁ መንዙማውን ለደረሳው በቃል ያስጠናዋል፤ ሰጪው ሲሞት ተቀባዩ የያዘው ያህል ብቻ ይቀራል። የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ከተገኘ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ድምፅም እንደ መጽሐፍ ይጻፋል፤ እንደ መጽሐፍም ይገለበጣል። እንደ መጽሐፍ የሚገለበጥ ከሆነ ዘንድ፥ እንደ መጽሐፍ የሚሳሳት ገልባጭ፥ እንደ መጽሐፍም የሚጠፋ እናት ቅጂ ይኖረዋል። በደሴና በኮምቦልቻ በየቤቱ ተቀምጠው ስላሉት የቆዩ ካሴቶች ዛሬ ሊነገር የሚገባው ነገር ይኸው ነው።

የወሎ አገር ስለዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ የምታስብበት ምክንያት አላት። የኢትዮጵያ ዘፈን ከሚቆምባቸው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፥ ይኸውም ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ የሚጠሩት በዚሁ አካባቢ ስም ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፥ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ይገኛሉ። እነ ማሪቱ ለገሠ የዘፈኑበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ከደሴ ተነሥቶ እነዚህን ቅኝቶች ለመላው አገር አሰምቷል። የወሎ መንዙማ በአማርኛና በዐረብኛ ቃል፥ በድቤና በጭብጨባ ታጅቦ፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ዜማ፥ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ፥ በየደብሩ የሚሰማ ነው። አንዲት አገር ይህን ያህል የድምፅ ሀብት ሲኖራት፥ ሀብቱ የተቀመጠበትን ዕቃ ልትመረምር የተገባ ነው።

ዕቃውም እንዲህ ሆኖ መጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ይሁን እንጂ ሸክላ የጥቂት ሰዎች ነገር ነበር። የድምፅን መቅረጽ ለድኻውም ለባለጸጋውም ያደረሰው ካሴት ነው። ይህንን ዕቃ ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በበርሊን ትርኢት ላይ አሳየ። ዋጋው ትንሽ፥ መቅረጫውም በእጅ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲህ ሠርጉንም፥ ማኅሌቱንም፥ ሐድራውንም ማንም ሰው ሊቀርጸው ቻለ። ስለዚህም የአንድ ትልቅ መሪጌታ ዝማሬ በመንግሥት መዝገብ ቤት ሳይኖር በአንድ የቀድሞ ተማሪ ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ነገር ግን ካሴት ለዘለዓለም የሚኖር ዕቃ አይደለም። በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተያዘ የብረት ዱቄት ነው፤ በማጫወቻው ላይ በአንድ ሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይሄዳል። እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይጠማዘዛል፤ ዘመን ሲበዛበት ዱቄቱ ይረግፋል። ማጫወቻውም ራሱ ከገበያ እየጠፋ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸው ነገር ትምህርት ሊሆን ይገባል። በዚያ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በአንድ ስፍራ ብቻ ያለ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ግድ ነው። መልካም ተደርጎ ከተገለበጠ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ከዚሁ ከአማራ ክልል የተገኘ ምሳሌ አለ። ኃይሉ መርጊያ የተባሉት የዋልያስ ባንድ የሙዚቃ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በዋሺንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕደው ሸሞንሟናዬ የተባለውን ካሴት ሠሩ። ዘመን አለፈና ሥራቸው ተረሳ፤ እርሳቸውም በዚያው ከተማ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አግኝቶ፥ ከርሳቸው ጋር ተስማምቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. እንደገና አሳተመው። ሙዚቀኛውም በልዩ ልዩ አገር መድረክ ላይ ዳግመኛ ለመቆም በቁ። አንድ ካሴት ከአንድ ከተማ መደርደሪያ ተነሥቶ ይህን ያህል ፍሬ ካፈራ፥ በደሴ ሣጥኖች ውስጥ ያለው ምን ሊያፈራ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን መገልበጥ ሁሉ መልካም መገልበጥ አይደለም። ካሴቱ ወደ ፋይል ከተለወጠ በኋላ ፋይሉን የሚቀበለው የድምፅ ማቀናበሪያ የሚባለው ፕሮግራም ነው። አሮጌውን ድምፅ ወደዚህ ፕሮግራም ማስገባት ለተመልካቹ የአንድ ጣት ሥራ ይመስላል፤ ፋይሉን ይዞ ወደ መስኮቱ መጣል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ቅጽበት ውስጥ አራት አደጋዎች ተሸሽገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ የስፍራ ነው። ከማቀናበሪያዎቹ አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ ሪፐር የተባለው፥ ካልታዘዙ በቀር የገባውን ድምፅ ወደ ራሳቸው ማኅደር አይገለብጡም። ድምፁ ያለበትን ስፍራ ብቻ ይመዘግባሉ። ፕሮ ቱልስ የተባለውም ድምፅ ሲገባ መጨመር፥ መገልበጥና መለወጥ የሚሉ ሦስት መንገዶችን ያቀርባል፤ መጨመር የሚለው ፋይሉን ካለበት ሳያነሣ የሚጠቁም ብቻ ነው። ሠራተኛው ይህን ሳያውቅ ድምፁን ከፍላሽ ላይ አስገብቶ፥ ፍላሹን ነቅሎ ቢሄድ፥ በማግሥቱ ሥራውን ሲከፍት ባዶ ሣጥን ያገኛል። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በ2013 ዓ.ም. ከወጣው ከ3ኛው እትሙ ጀምሮ የገባውን ድምፅ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚያኖር በዚህ በኩል ይሻላል። የጠቋሚውና የተጠቆመው ነገር ልዩነት ለካህናት እንግዳ አይደለም። በየት መደርደሪያ እንዳለ የሚናገር ዝርዝር መጽሐፉን አይተካም፤ መጽሐፉ ከተሰረቀ ዝርዝሩ ኀዘንን ብቻ ይጨምራል።

ሁለተኛው አደጋ የልክ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚጽፈው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ነው። የሙዚቃ ሲዲ ልክ በሴኮንድ 44 ሺህ 100 ነው፤ የቴሌቪዥንና የፊልም ልክ አብዛኛውን ጊዜ 48 ሺህ ነው። በ44 ሺህ 100 የተለካ ድምፅ ሳይለወጥ በ48 ሺህ በተከፈተ ሥራ ውስጥ ቢገባ ድምፁ ይፈጥናል፤ ከፍታውም ይጨምራል። የ60 ደቂቃ ማኅሌት በ55 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ያልቃል፤ ከፍታውም በፒያኖ ልክ ከአንድ ግማሽ ድምፅ አልፎ ወደ አንድ ተኩል ይጠጋል። በተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ 60 ደቂቃው 65 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ይሆናል፤ የወጣት ድምፅ የሽማግሌ ይመስላል። ጥፋቱ ጎልቶ ቢወጣ ኖሮ ጆሮ ባወቀው ነበር። መካከለኛ በመሆኑ ግን ዘፋኙን በሕይወቱ ያልሰማ ሰው እውነተኛው ድምፅ ይህ ነው ብሎ ይቀበለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማስገባት አስቀድሞ የፋይሉን ልክና የሥራውን ልክ ማስተያየት፥ ከገባም በኋላ ርዝመቱን ከመጀመሪያው ርዝመት ጋር ማነጻጸር ነው።

ሦስተኛው አደጋ የምት ነው። ከአዲሶቹ ማቀናበሪያዎች አንዳንዶቹ፥ ከነዚህም ኤብልተን ላይቭ የተባለው፥ ረጅም ድምፅ ሲገባባቸው ምቱን ራሳቸው ገምተው ከሥራው ምት ጋር እንዲገጥም ሊስቡት ወይም ሊያሳጥሩት ይሞክራሉ። ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይህ ምቾት ነው። በሰዓት ቆጣሪ ምት ለማይሄድ ዜማ ግን ትልቅ ጉዳት ነው። የአንቺ ሆዬ እንጉርጉሮ መዘግየቱ ስሕተት አይደለም። በመረግድና በጽፋት መካከል ያለው የምት ለውጥም ባለሙያው አስቦ የሚያደርገው ነው። መንዙማው በዝግታ ተነሥቶ እየፈጠነ የሚሄደው ሰዎች በመንፈስ አብረው ስለሚነሡ ነው። መሣሪያው ይህንን ሁሉ ቢያስተካክል ያስተካከለው ነገር ዜማው ራሱ ነው።

አራተኛውና የከፋው አደጋ እርማት የሚባለው ነው። የከፍታ ማረሚያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት አውሮፓውያን ለፒያኖ ባበጁት በ12 እኩል ክፍል ነው። መሲንቆ ግን አንድ ጭራ ብቻ ያላት፥ ጣት የሚያርፍበት ስፍራ በጆሮ እንጂ በምልክት የማይታወቅ መሣሪያ ናት። ክራርም የሚቃኘው በባለሙያው ጆሮ ነው። የአንቺ ሆዬን ድምፆች ወደ ፒያኖ ልክ መግፋት ቅኝቱን ሌላ ቅኝት ማድረግ ነው። የጫጫታ ማጥፊያውም እንደዚሁ ነው። የካሴት ሹክሹክታ በከፍተኛው የድምፅ ክፍል በብዛት ይሰማል፤ የጸናጽልም ድምፅ በዚያው ክፍል ይገኛል። ሠራተኛው ሹክሹክታውን አጠፋለሁ ሲል ጸናጽሉን ያደበዝዛል፤ የመቋሚያውን ምትና የምእመናኑን እልልታ እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ይቀንሳል። የቀረው ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ማኅሌት መሆኑ ቀርቷል።

በዚህ ስፍራ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወጣቶቹ አቀናባሪዎች የቆየውን ድምፅ ወስደው በአዲስ መንገድ ባይሠሩበት ኖሮ፥ ባቲንና አምባሰልን የዛሬ ልጅ አይሰማቸውም ነበር ይባላል። ይህ እውነት ነው። አዲስ ሥራ መሥራት ሊከለከል አይገባም፤ የወሎም ዘፈን የቆየው እየታደሰ ነው። ነገር ግን የቅኔ ቤትን ሥርዓት መመልከት ይበቃል። ባለቅኔ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቀኛል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግመው ያፍራል። ሆኖም ከመዝሙረ ዳዊት ምሥጢር ቢያወጣ፥ የዳዊቱን ብራና ፍቆ በላዩ ቅኔውን የሚጽፍ የለም። አቀናባሪውም እንዲሁ ቢያደርግ ማንም አይነቅፈውም። የፈለገውን ያህል ይሳብ፥ ይቁረጥ፥ ያርም፤ ነገር ግን በቅጂው ላይ እንጂ በእናቱ ላይ አይሁን።

ይህ ሥርዓት ለወሎ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያጻፉት ወንጌል እስካሁን ይታወቃል። በኅዳጉ ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች፥ ማን እንደ ሰጠ፥ ምን እንደ ተሰጠ የሚናገሩ ስለ ሆኑ፥ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ምንጭ ሆነዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም ወንጌል ተነሥቷል፤ በዝርዝሩም 1832ኛ ቁጥር ተሰጥቶታል። እነ ጌታቸው ኃይሌ የዝርዝሩን መጻሕፍት ሲያዘጋጁ የእያንዳንዱን ብራና ስፍራና ይዘት በቁጥሩ ሥር ጻፉ። ፊልሙ በባሕር ማዶ ሲነበብ ብራናው አልተፋቀም፤ ኅዳጉም እንደ ቆሻሻ አልተቆረጠም። ለድምፅም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ያልተነካ እናት፥ የታወቀ ቁጥር፥ የተጻፈ ኅዳግ።

ስለዚህ ሥራው እንዴት ይሁን ቢባል፥ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር ለቆዩ ድምፆች የሚመክረው ልክ በሴኮንድ 96 ሺህ፥ በ24 ቢት፥ ዌቭ በተባለው ያልተጨመቀ ዓይነት ነው፤ ከ48 ሺህም እንዳያንስ ያሳስባል። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ባለ ሁለት መስመር ድምፅ 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። አንድ ሺህ ካሴቶች፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰዓት ቢሆኑ፥ ከ2 ቴራባይት ጥቂት ይበልጣሉ፤ ይህም በአንድ እጅ በሚያዝ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ካሴት በሚጫወትበት ልክ እንጂ በፍጥነት ስለማይገለበጥ አንድ ሺህ ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ማጫወቻዎች በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት ቢሠሩ ከ84 የሥራ ቀን አያልፍም። ወጪው የሁለት ወጣቶች ደመወዝ፥ ሁለት መልካም ማጫወቻና ጥቂት ዲስኮች ናቸው።

ክፍፍሉም በሁለቱ ከተሞች መካከል ቢሆን መልካም ነው። በደሴ ያሉት የባህል ሹማምንት ከየቤቱ፥ ከየደብሩና ከየመስጊዱ ካሴቶቹን ይመዝግቡ፤ በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የሚገለብጡና ወደ ማቀናበሪያው የሚያስገቡ ተማሪዎችን ይስጥ። እያንዳንዱ ፋይል የካሴቱን ቁጥር፥ ገጹን፥ የዘመሩትን ሰዎች ስም፥ ስፍራውንና ዘመኑን በስሙ ወይም በኅዳጉ ይያዝ። እናት ፋይሉ ከተጻፈ በኋላ ማንም እንዳይለውጠው ይቆለፍ። ወደ ማቀናበሪያ የሚገባው ሁልጊዜ ቅጂው ይሁን፤ ቅጂውም ወደ ሥራው ማኅደር ይገልበጥ፤ ምትን የሚስበው መሣሪያ አስቀድሞ ይዘጋ፤ የተደረገው እርማት ሁሉ ይጻፍ። ከእናቱም ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በደሴ፥ አንዱ በኮምቦልቻ፥ አንዱም በአዲስ አበባ በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት። የ2014ቱ ዓይነት ቀን ዳግመኛ ቢመጣ፥ አይምጣ እንጂ፥ ሦስቱም በአንድ ቀን አይጠፉም።

ካሴቱ የሰው ንብረት፥ ድምፁም የሰው ድካም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኙንም የድምፅ አሳታሚውንም መብት ያስከብራል። ለመጠበቅ ሲባል መገልበጥና ለመሸጥ ሲባል መገልበጥ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ካሴቱን የሚቀበለው ሹም ለባለቤቱ ደረሰኝ ይስጥ፤ ካሴቱንም ከነቅጂው ይመልስለት፤ ለሕዝብ ከመሰማቱ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበል። ስለ ዝማሬውና ስለ መንዙማውም የየሃይማኖቱ ሊቃውንት ምን ሊሰማ፥ ምን ሊቀመጥ እንደሚገባ ይጠየቁ። ሕዝብ ንብረቱ እንደማይወሰድበት ካመነ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ካላመነ ካሴቱ እዚያው ይሻግታል።

ካህናትም በዚህ ሥራ ልዩ ድርሻ አላቸው። መሐንዲሱ ልኩን ያውቃል፤ የገባው ድምፅ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክረው ግን ዜማውን የሚያውቅ ጆሮ ነው። አንድ መሪጌታ ከአንድ መሐንዲስ አጠገብ ተቀምጦ፥ ይህ ፈጥኗል፥ ይህ ወጥቷል፥ ይህ የመምህሬ ድምፅ አይደለም ቢል፥ ማንኛውም መለኪያ ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል። እንዲህ ያለው ጆሮ ደግሞ ራሱ ያረጃል። ካሴቱንም፥ ካሴቱን የሚመሰክረውንም ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ለማግኘት የቀረው ዘመን አጭር ነው።

የቀደሙት ገልባጮች የአባቶችን መጽሐፍ ከነኅዳጉ አስረክበዋል። የዛሬው ትውልድ ከነርሱ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ከነርሱ ያነሰ ጥንቃቄ ቢያደርግ ሊመሰገን አይችልም። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚወለድ የወሎ ልጅ አንቺ ሆዬን ሲሰማ፥ የሚሰማው በመሣሪያ የተስተካከለ ጥላ ሳይሆን እናቲቱ ራሷ ትሆን ዘንድ፥ ሹሙም፥ ካህኑም፥ ሼሁም፥ አቀናባሪውም ዛሬ እጃቸውን ሊያነሡ የተገባ ነው።